የቀሩት የት አሉ?

ባለፈው ዓመት አንድ የባህል ምሽት ላይ ከሸማኔ ወዳጄ ጋር ታድሜ ነበር። የአዳራሹን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለምና። ጠጅ በብርሌ ቀረበ፣ ክትፎ በጣባ መጣ፣ ከዚያ መድረኩ ተከፈተ። ጎጃም ተጨፈረ፣ ጉራጌ ተጨፈረ፣ የትግራይ ከበሮ ዞረ። አስተዋዋቂው ማይክሮፎኑን ጨብጦ «አሁን ደግሞ ወደ ደቡብ እንወርዳለን፤ ዶርዜ!» ሲል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የኪቦርዱ ምት ደለቀ። ዱንጉዛ የለበሱ አራት ወንዶችና ሦስት ሴቶች እየዘለሉ ወጡ። አንደኛው ማይክሮፎን ይዞ ዘፈነ፤ ስድስቱ ያንኑ ዜማ፣ ያንኑ ቃል ተቀበሉት። ጦር ተወዘወዘ፣ ተዘለለ፣ ወለሉ ተንቀጠቀጠ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም አልቆ አስተዋዋቂው ወደ ወላይታ ተሻገረ።

እኔ አጨበጨብኩ። ወዳጄ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የቀሩት የት አሉ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከቡድኑ የጎደለ ሰው ያለ መስሏቸው ይሆናል ብዬ «ሰባት ናቸው አባባ፣ ሁሉም ወጥተዋል» አልኳቸው።

«ሰባት ሰው አይቻለሁ» አሉኝ፤ «የሰማሁት ግን አንድ ሰው ነው።»

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ የእሳቸው ጥያቄ ነው። ለዓመታት ስለ መድረክ ሙዚቃ ስጽፍ ኖሬ እንዲህ ያለ አጭር ሒስ ሰምቼ አላውቅም። ይባስ ብሎ ሒሱ የሚነካው እኔንም ነው። እንዲያ ያለውን «ዶርዜ» ከአንዴም ሁለቴ «የደመቀ»፣ «የተዋጣለት» እያልኩ በጽሑፍ አሞግሼዋለሁ። ምን እንደጎደለው ሳላውቅ ማለት ነው።

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ፣ የአሜሪካንን ኤምባሲ አልፎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ የሚል ሰው ሽሮ ሜዳን ሳያይ አያልፍም። የጉለሌ ገበያዎች ብዙ ናቸው፤ እንደ ሽሮ ሜዳ ግን ከሩቅ የሚነጣ የለም። የሀበሻ ቀሚሱ፣ ነጠላው፣ ኩታው፣ ጋቢው ከሱቁ ደጃፍ እስከ ጣራው ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ሠርግ ያለበት፣ ክርስትና የሚያነሣ፣ ከውጭ አገር ለዘመድ ልብስ ሊገዛ የመጣ ሁሉ እዚያው ነው። ከሱቆቹ ጀርባ በቀጭኗ መንገድ የገባ ሰው ደግሞ ሌላ ሰፈር ያገኛል። ሰውየው ወለሉ ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ተቀምጧል፤ መወርወሪያው ከግራ ቀኝ ይመላለሳል፤ ድሩ ከፊቱ እንደ ዝናብ ተወጥሯል። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት እንዲህ ያለ የሽመና ዕቃ ታያላችሁ። ማታ ላይ ዕቃው ወደ ጥግ ተገፍቶ ክፍሏ መኝታ ቤት ትሆናለች።

የእነዚህ ሰዎች አገር ከአርባ ምንጭ በላይ ያለው የጋሞ ደጋ ነው። ውርጭ፣ ቀርከሃና እንሰት የማይለየው አገር። ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው፤ ጨንቻ አለ፣ ዲታ አለ፣ ኦቾሎ አለ፣ ቦንኬ አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሸማ የሚሠራውን ጋሞ ሁሉ «ዶርዜ» ብሎ ጠቅልሎ፣ ነገሩን የሥራ ስም አድርጎ ተገላገለ። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ አገራቸው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ ወዲህ፣ ዋና ከተማው ልብስ ሲፈልግ እነሱ ገበያ ሲፈልጉ፣ ልጅ አባቱን፣ ወንድም ወንድሙን እየተከተለ እንጦጦ ሥር ሰፈረ። መቼም ሸማውን እየለበሱ ሸማኔውን መናቅ ያረጀ አመላችን ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጁን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ሸማኔውም በአዋጁ ከተጠቀሱት አንዱ ነበር። የአዋጁ ወረቀት ሲያረጅ ስድቡ ሳያረጅ እኛ ዘመን ደረሰ። ልጅ ሆነን በሰፈራችን «ዶርዜ» የሚለው ቃል በምን ዓይነት ድምፅ ይነገር እንደነበር የማያስታውስ የእኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ዘፈናቸውን በቅርብ የሰማሁት በመስቀል ሰሞን ነው። ለጋሞ ሰው ከመስቀል የሚበልጥ በዓል የለም። ዓመቱን ሙሉ በዕቁብም በቁጠባም የተያዘው ገንዘብ ለመስቀል ነው፤ የታጨችውም የምትዳረው፣ የተጣላውም የሚታረቀው፣ የተበደረውም የሚከፍለው በመስቀል ዙሪያ ነው። አቅም ያለው ሽሮ ሜዳን ዘግቶ ወደ አገሩ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን «ሸማኔ ጠፋ» እያለ የሚያማርር ደንበኛ አይታጣም። የአውቶቡስ ያጣ፣ የታመመ፣ ዕዳ የያዘው፣ ሄዶ ባዶ እጁን መታየት ያሳፈረው ግን እዚሁ ይቀራል። የቀሩት ተሰብስበው ነበር ያገኘኋቸው።

ግቢው ከአሥር እርምጃ አይሰፋም። ሃያ ያህል ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል። ከበሮ የለም፣ ክራር የለም፣ ማይክሮፎን የለም። አንድ ጎልማሳ ብቻውን ጀመረ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ የሚዘፍን ሳይሆን ለጎረቤቱ ወሬ የሚነግር ነው የሚመስለው። ሐረጉን ሳይጨርስ ሌላ ሰው ከማዶ ገባበት። የገባው ሊቀበለው አይደለም፤ የራሱን ሌላ ዜማ ይዞ ነው። እኔማ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ እየተጋፉ፣ እየተላለፉ ጥቂት እንደሄዱ፣ ከወደ ጀርባ አንድ ቀጭን ድምፅ ከጉሮሮ ተፈናጥሮ ወደ ላይ ወጣ፤ እዚያ ከፍታ ላይ ተሰባብሮ ተመለሰ፤ እንደገና ወጣ። የቀሩት ደግሞ ከሥር «ሆ» የሚል ረጅም ምንጣፍ አነጠፉ። ከነሱም መሐል አንዳንዱ በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ፣ ሌላው ትንፋሽ የወሰደበትን ክፍተት ይሞላል። አንድም ሰው ዘፈኑን ሙሉውን አልያዘውም። ሁሉም ቁራሹን ይዟል። ዘፈኑ ያለው በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ ነው ብል ከእውነቱ አልርቅም።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ጆሮዬ ተከፈተ። መጀመሪያ ጫጫታ የመሰለኝ ነገር ሥርዓት እንዳለው፣ አራትም አምስትም መስመር እንዳለው፣ መስመሮቹ ከመነካካት በቀር እንደማይደባለቁ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ በአንድ ዜማ የሚሄድ ዘፈን ለጥቂት ቀናት ራቁቱን የቆመ ሰው ሆኖ ታየኝ።

የእኛ የደጋው ሰሜን ሰዎች ጆሮ በአንድ ዜማ ያደገ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ተመድቦ መቶ ካህን ቢዘምረውም የሚጓዘው በአንድ መንገድ ነው፤ ጥልቀቱም እዚያው መንገድ ላይ ነው። ትዝታችንም፣ ባቲያችንም፣ አምባሰላችንም፣ አንቺሆዬያችንም ለአንድ ጉሮሮ የተሠሩ ናቸው። ይህ ጉድለት አይደለም። ጉድለቱ አገሩ ሁሉ እንደዚያው ነው ብሎ ማሰቡ ነው። በደቡብ ምዕራብ አዘፋፈኑ ሌላ ነው። አሪም፣ ማሌም፣ ጋሞም በኅብረ ድምፅ ይዘፍናሉ። ደራሼዎች ፊላ የሚሉትን የቀርከሃ ዋሽንት በቡድን ሲነፉ እያንዳንዱ ሰው የሚያወጣው አንዲት ድምፅ ብቻ ናት፤ ዜማው የሚገኘው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ስለ ደራሼ የዋሽንት ሚዛን በየመድረኩ ሲናገር «ሳይንቲስቶች» የሚላቸው በከንቱ አይደለም።

እዚህ ላይ ብዕሬ ወደ አንድ የለመደ ሐረግ ሊያደላ ነበር። «ዝማሬያቸውም እንደ ሽመናቸው፣ ድርና ማግ ሆኖ» ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። ነገሩ ከማማሩ የተነሣ ለወዳጄ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ሽመናውን የምሠራው እኮ ብቻዬን ነው» አሉኝ። ሐረጉን ሰረዝኩት።

የዘፈኑን አመራር ጉዳይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓ ልማድ የሚሠራ ኳየር ፊት ጀርባውን ለታዳሚ ሰጥቶ፣ እጁን ዘርግቶ የሚቆም ሰው አለ። ዘፋኙ ሁሉ ዐይኑ እጁ ላይ ነው፤ እጁ ሲወድቅ ይጀምራል፣ እጁ ሲጨበጥ ያቆማል። ከተሞቻችን ውስጥ ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶችም ኳየር ስንል የምናስበው ይህንኑ ነው። ሽሮ ሜዳ ግቢ ውስጥ ግን እጅ የሚያነሣ አልነበረም። «መሪያችሁ የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቅ ወዳጄ የጀመረውን ጎልማሳ አሳዩኝ። ቀጥለው ከማዶ የገባበትን አሳዩኝ። ከዚያ ያን ቀጭን ድምፅ ያወጣውን፣ ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ አሳዩኝ።

«ሦስት መሪ ነው ያላችሁ ማለት ነው?»

«ይሄ ይጀምራል። ያኛው ባይገባ ግን የዚህ መጀመር ምን ያደርጋል? ብቻውን ሲያወራ ያመሻል» አሉኝ።

ከጠየቅሁ ከተመለከትኩ በኋላ የገባኝ ይህን ያህል ነው። ጀማሪው ቃሉንና ከፍታውን ይመርጣል፤ ሰዉ ደክሞት እንደሆነ ዝቅ አድርጎ፣ ሞቆት እንደሆነ ከፍ አድርጎ ይነሣል። ሁለተኛው ተቃውሞም ስምምነትም ነው። ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣው ሲፈቀድለት ሳይሆን ቦታ ሲያገኝ ነው። ጀማሪው ትልቁ ሥራው ከጀመረ በኋላ መጠበቅ ነው፤ ሌላው እስኪገባ ድረስ ያንኑ ሐረግ ሳይሰለች እየመላለሰ ይጠብቃል። ቸኩሎ ከሄደ ይጥሉታል። ሲጥሉት አይሰድቡትም፤ ዝም ይሉታል። ልጆች የሚማሩት ከኋላ ቆመው ነው። መጀመሪያ «ሆ» ይላሉ፤ ለዓመታት «ሆ» ይላሉ። ከመሐላቸው አንዱ አንድ ቀን ከፊት ያለው ሰው ትንፋሽ ሲያጥረው ክፍተቱን ይሞላና ሳይሾም ይሾማል።

የጋሞ ሰው ስለ ሥልጣን ያለው አስተሳሰብ ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። ዶርዜ ውስጥ ሀለቃ የሚባል ሹመት አለ። ሀለቃውን የሚመርጠው ዱቡሻ የተባለው የአደባባይ ጉባኤ ነው። የተመረጠው ሰው ሹመቱን የሚያጸናው ሀብቱን አራግፎ ለሕዝቡ ትልቅ ድግስ በመደገስ ነው፤ ሲሾም ይከበራል፣ ሲሾም ይደኸያል። በራሱ ላይ ቅቤ ተደርጎለት፣ በመስቀል ገበያውን ይዞራል። እነዚህን ነገሮች ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር እዚያው ዶርዜ ኖሮ አጥንቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በፈረንሳይኛ ባሳተመው ስለ ተምሳሌት የሚናገር መጽሐፉ የዶርዜን ነብር ለዓለም ምሁራን አስተዋወቀ። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ከብታቸውን ከነብር መጠበቃቸውን አይተዉም። ስፐርበር በዚህ ተነሥቶ ትልቅ የፍልስፍና ክርክር ሠራ። ወዳጄን ስጠይቃቸው «ነብሩ ይጾማል፤ የሚርበው ግን ይኖራል» ብለው በአንድ ዐረፍተ ነገር ዘጉት።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም.፣ መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሲቀረው፣ ከጉለሌ በስተምዕራብ በምትዋሰነው በቡራዩና በአካባቢዋ ብዙ የጋሞ ሰዎች ተገደሉ፤ ቤታቸው ተዘረፈ፤ በሺህ የሚቆጠሩት ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። ከሞቱት ውስጥ ሸማኔዎች ነበሩ፤ የሽሮ ሜዳ ሰዎች ዘመዶች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ሊበቀል ተነሣ። ያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ፣ ወጣቶቹ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ተመለሱ። ፎቶግራፉን አገር አይቶታል። ብዙ ሰው «ድንቅ ባህል» ብሎ አለፈ። እኔ ያን ፎቶግራፍ ሳይ ያ ግቢ ውስጥ ሲዘፍን የሰማሁት ጎልማሳ ትዝ ይለኛል። ሽማግሌዎቹ አላዘዙም። ዝቅ ብለው ጀመሩና ጠበቁ።

በዚያ ዓመት መስቀል ሽሮ ሜዳ አልተዘፈነም ነበር። ወዳጄ ስለዚያ ሰሞን ብዙ አያወሩም፤ እኔም አልጎተጎትኳቸውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ያለበት ዘፈን ነው መድረክ ላይ ሲወጣ አንድ ሰውና አንድ ማይክሮፎን የሚሆነው። ይህ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተለያዩ አገሮቻችንን መሣሪያዎች በአንድ መድረክ አስቀምጦ ሲያጫውት መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ክራሩንም በገናውንም አስከብሯል። ግን የመድረክ ልምዱ ያኔ ተጀመረ፤ የየአገሩ ሙዚቃ ከየአገሩ ሰዓትና ከየአገሩ ግቢ ወጥቶ በፕሮግራም ቁጥር ገባ። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ቀበሌዎቹም የኪነት ቡድን ፈጠሩ። ጉለሌም የየቀበሌው ኪነት ነበረው። በዚያ ኪነት ውስጥ ያለፈ ጎረምሳ የብሔረሰቦችን ጭፈራ በሁለት ሳምንት ልምምድ አጥንቶ በአብዮት በዓል ያቀርብ ነበር። በ1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነገሩ እስታዲየም የሚያህል ሆነ። በ1980 የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ቡድን ያንኑ አቀራረብ አሳምሮ አውሮፓና አሜሪካ አደረሰው። ከ1999 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲከበር ቴሌቪዥናችን እያንዳንዱን ሕዝብ በየሦስት ደቂቃው ያስጨፍረዋል።

ለእነዚያ ከያንያን ክብር አለኝ። ብዙዎቹ ዛሬ የምናከብራቸው ተወዛዋዦችና ድምፃውያን የወጡት ከቀበሌ ኪነት ነው። ደግሞም መድረኩ ባይኖር የጨንቻን ስም የማይሰማ ስንት የከተማ ሰው ነበር። ነገር ግን መድረኩ የወሰደው የሚታየውን ነው። ዱንጉዛውን ወሰደ፤ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁሩ ከሩቅ ያምራልና። ጦሩንና የሰጎን ላባውን ወሰደ። ዝላዩን ወሰደ። ጆሮ የሚጠይቀውን ግን ትቶት መጣ። ምክንያቱም ለመረዳት ቀላል ነው። አምስት መስመር ያለው ዘፈን ለመለማመድ ዓመታት ይፈጃል፤ አንድ መስመር ግን በሁለት ሳምንት ይጠናል። ማይክሮፎኑ አንድ አፍ ይፈልጋል። ኪቦርዱ አንዴ ምቱን ከጀመረ ማንንም አይጠብቅም። መጠበቅን የማያውቅ መሣሪያ ይህን ዘፈን ሊያጅበው እንዴት ይችላል? አስተዋዋቂው ደግሞ ሰዓቱን እያየ ነው። እውነተኛው ዘፈን በአራት ደቂቃ ውስጥ ገና ሁለተኛው ሰው አልገባም።

ከሁሉ የሚገርመኝ «ዶርዜ» የሚለው ቃል የኪቦርድ ምት ስም መሆኑ ነው። አንዱን የስቱዲዮ ባለሙያ «ዶርዜ ምታልኝ» ብትሉት ጣቱን ሲጭን የሚወጣ ነገር አለ። እኔ ከሰማሁት ግቢ ውስጥ እኮ የሚመታ ነገር አልነበረም!

ፓሪስ ውስጥ ግን አለ። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ-ዣኮብ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዶርዜ ድረስ ሄዶ ይህን የኅብረት ዘፈን ቀርጿል፤ እ.ኤ.አ. በ1977ም በሸክላ ታትሟል። ቅጂውን አንድ ወዳጄ በሰው እጅ ከፈረንሳይ አስመጣልኝና ለሸማኔው ወዳጄ በስልኬ አሰማኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ዐይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ሲያልቅ ያሉኝ «ይሄ ከኋላ የሚገባው በጣም ጥሩ ነው» ብቻ ነው። ከፊት ያለውን አላነሡም። ሙገሳቸውን የጣሉት ከኋላ ለገባው ነው። እኔ በመድረክ ሒስ ስጽፍ ከኋላ ስለገባ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ ሽሮ ሜዳን ገነት እንዳላስመስል እጠነቀቃለሁ። ከዚያ ግቢ «ሆ» ይሉ ከነበሩት ልጆች ውስጥ ከእናታቸው ጉያ በደላላ ተወስደው፣ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ ተብለው፣ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ሽመና ላይ የተቀመጡ አሉ። የጋሞ ሕፃናት ወደ አዲስ አበባ ሸማኔ ቤቶች መወሰድ ስንት ጥናት የተጻፈበት፣ ፖሊስም ሽማግሌም የሚያውቀው ነገር ነው። ወዳጄም ራሳቸው በዘጠኝ ዓመታቸው ነው የመጡት። «ማን አመጣዎት?» ስላቸው «የአጎቴ ልጅ» ብለው ዝም አሉ። ልጅ ከኋላ ቆሞ ይማራል ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው፣ ልጁ እዚያ ኋላ እንዴት እንደደረሰም ይጠይቅ። የኅብረ ድምፅ ውበት ይህን አይሸፍነውም፤ እንዲሸፍነውም አልፈልግም።

ዛሬ ዘፈኑን የሚያሳሳው ግን ይህ አይደለም። ጥለቱ በማሽን ታትሞ ከቻይና ይመጣል፤ ከርቀት ሲያዩት ሽመና ይመስላል፣ ዋጋው ግን የድካሙን ሲሶ አይሆንም። ሸማኔው ወደ ጥበቃ ሥራ፣ ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። የቤት ኪራይ ሲወደድ አንዱ ወደ ከተማው ዳር፣ ሌላው ወደ ኮንዶሚኒየም ይበተናል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ያየ ሰው ሁሉ ስለ ራሱ ሰፈር ማሰቡ አልቀረም። ለአንድ ድምፃዊ ሰፈር መልቀቅ ሐዘን ነው፤ አንድ ትከሻ ላይ ተደግፎ ለሚዘፍን ቡድን ግን መበተን ማለት ዝም ማለት ነው። ዘፈኑን ከአምስቱ አንዱ ይዞት ሰሚት ቢገባ፣ የያዘው ዘፈን አይደለም፤ ቁራሽ ነው።

ደግሞ አለ፣ ወጣቶቹ ብዙዎቹ በየቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሆነዋል። አንዳንዱ ጴንጤ ሆኖ የአባቱን ዘፈን ኃጢአት ነው ብሎ ትቶታል፤ አንዳንዱ በሰንበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሶ ያሸበሽባል። እምነታቸው የራሳቸው ነው። አንድ ቀን ከነሱ የአንዱን ቡድን ልምምድ በመስኮት ቆሜ ሰማሁ። ኪቦርዱ አለ፣ እጅ የሚያነሣ መሪ አለ፣ ሁሉም በአንድ ዜማ ይዘምራል። በመሐል ግን አንዱ ከኋላ፣ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ቀጭን ነገር አወጣ። መሪው ዘወር ብሎ አየው። ልጁ ተመልሶ ከዜማው ገባ።

ባለፈው መስቀል እንደገና ሄጄ ነበር። ግቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ዱሮ የሚጀምረው ጎልማሳ ቡራዩ አካባቢ የነበረ ዘመዱ ጋ ገብቷል አሉ። ወዳጄ ጋቢያቸውን ተከናንበው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጉንፋን ይዟቸው ከሁለት ሳምንት በላይ ድምፃቸው ተዘግቷል። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከቆይታ በኋላ ያ ቀጭን ድምፅ የነበረው ልጅ፣ አሁን ጢም አብቅሏል፣ ጀመረ። ከፍ አድርጎ ጀመረ፣ ፈጥኖም ሄደ። ማንም አልገባለትም። ወዳጄ መሬቱን እያዩ ነበር።

ልጁ አቆመ። ጉሮሮውን ጠረገና ዝቅ አድርጎ፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ እንደገና ጀመረ። ሐረጉን መለሰው። ደግሞ መለሰው። በሦስተኛው ከማዶ አንድ ሻካራ ድምፅ ገባበት። ከሥርም «ሆ» ተነጠፈ፤ ስስ ነበር፣ ግን ተነጠፈ። ቀጭኑ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ደረሰ። ልጁ ከፊት ሆኖ ያንኑ ሐረግ እየመላለሰ ከጀርባው ያሉትን ልጆች በትከሻው ይጠብቃቸው ጀመር።